ቴሌግራም ላይ ደህና የነበረው ኮማንድ ተርሚናል ላይ ምን ነካው?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮማንድ የሚጓዘው በቴሌግራም ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ሰርቨር የሚጠብቅ ልጅ ካዛንቺስ ላለው ባልደረባው «ይቺን ሩን አድርጋት» ብሎ አንድ መስመር ይልክለታል። ያኛው ኮፒ ያደርጋል፣ ተርሚናሉ (ኮማንድ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ፔስት ያደርጋል፣ ኤንተር ይመታል። ከዚያ ስልክ ይደወላል።

«አልሠራም እኮ!»

«እኔ ጋ ሠርቷል!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ወይ ኮማንዱ መንገድ ላይ ተቀይሯል፣ ወይ ደግሞ የተቀበለው ፕሮግራም በራሱ መንገድ ተረድቶታል። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ያምታታል። ጥፋቱ ከዎርድ የመጣ አንድ የጥቅስ ምልክት ሆኖ ሳለ ቪም የሚባለው የጽሑፍ ኤዲተር ላይ ሴቲንግ ሲነካካ ይውላል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኮማንዶቹንና የስህተት መልእክቶቹን እንደሚነበቡ አድርጌ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ በእጃችሁ ትጽፏቸዋላችሁ። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ አይቻልም። ከርዕሱ አንጻር እሱም አይከፋም።

ተርሚናል ፔስትን አያውቅም

ዎርድ ላይ ፔስት ስታደርጉ ፕሮግራሙ «አሁን ፔስት ተደረገ» ብሎ ያውቃል። ተርሚናል ግን ዕድሜው የገፋ ነገር ነው። መነሻው ኪቦርድና ወረቀት የነበረው፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ የሚነጋገር ማሽን ነው። ያኔ ፔስት የሚባል ነገር የለም። ዛሬም ተርሚናል ላይ ፔስት ስታደርጉ ጽሑፉ ፊደል በፊደል፣ ልክ እናንተ በኪቦርድ እንደጻፋችሁት ሆኖ ይገባል። ልዩነቱ ፍጥነቱ ብቻ ነው።

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች አንዱን አስቡ። እናንተ ትናገራላችሁ፣ እሱ ቀና ሳይል ይጽፋል። መሃል ላይ ዞር ብላችሁ ለጓደኛችሁ «ሻይ እዘዝልኝ» ብትሉ እሷንም ለዳኛው ይጽፋታል። ተርሚናል እንዲህ ያለ ጸሐፊ ነው። የቱ ለእሱ የተሰጠ ትእዛዝ፣ የቱ ተገልብጦ የመጣ ጽሑፍ እንደሆነ አይለይም። መስመር መጨረሻ ላይ ያለችው የአዲስ መስመር ምልክት ለእሱ ኤንተር ናት። ታብ ደግሞ «የፋይሉን ስም ጨርስልኝ» ማለት ነው።

አምስት መስመር ፔስት ስታደርጉ አምስቱም ሳታነቧቸው የሚሮጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ኮማንድ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» ብሎ ከጠየቀ፣ አራተኛው መስመር መልስ ሆኖ ይገባለታል። ታብ ያለበት ስክሪፕት ከሆነ ደግሞ ሼሉ፣ ማለትም ኮማንዱን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ መሃል ላይ «ያሉትን አማራጮች ሁሉ ላሳይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚቀጥለው መስመር ፊደላት መልስ ይሆኑታል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ነገር ራስና እግር የለውም።

መጀመሪያ የት እንደተበላሸ ለዩ

ተርሚናል ላይ ካት፣ ስፔስ፣ ዳሽ፣ ትልቁ ኤ ብላችሁ ኤንተር ምቱ። ምንም ሳይመልስ ይጠብቃል። አሁን ችግረኛውን ኮማንድ ፔስት አድርጉ፣ ኤንተር ምቱ። ካት ኮማንዱን አያስኬደውም። ያየውን መልሶ ይጽፈዋል፣ የማይታዩትንም ጭምር። ስትጨርሱ ኮንትሮል ዲ።

ንጹሕ ኮማንድ እንዳለ ይመለሳል፤ መጨረሻው ላይ የዶላር ምልክት ብቻ ይታከልበታል። እሱ የመስመሩ ማብቂያ ነው። ኤምና ዳሽ የሚደጋገሙበት ዝባዝንኬ መሃሉ ላይ ካያችሁ ግን ጽሑፉ ውስጥ እንግዳ ገብቷል ማለት ነው። ሼል ኮማንድና ምልክት አድርጎ የሚያውቀው አስኪ የሚባለውን ጥንታዊ ስብስብ ነው፦ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አኃዞች፣ የተለመዱት ምልክቶችና የማይታዩ መቆጣጠሪያዎች፣ በድምሩ 128 ቁምፊ። ከዚያ ውጭ ያለው ለሼል እንደማንኛውም ፊደል ነው፤ የተለየ ሥራ የለውም።

ኤም ካያችሁ ቪምን አትንኩት፤ ጽሑፉ ሳይደርስ ነው የተበላሸው። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ላኪውን አትውቀሱት፤ ጥፋቱ የተቀባዩ ሼል ወይም ኤዲተር ነው። ከስልክ ክርክሩ በፊት ይህቺን ማየት ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

መንገድ ላይ የሚደርስበት

ከቴሌግራም እንጀምር። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ሁለት ዳሽ አከታትላችሁ ስትጽፉ ወደ አንድ ረጅም ዳሽ ይቀይራቸዋል። ለደብዳቤ ያምራል። ሼል ላይ ግን ሁለት ዳሽ የኦፕሽን መጀመሪያ ነው። ረጅሙን ዳሽ ብዙዎቹ ኮማንዶች የፋይል ስም አድርገው ይወስዱታል። «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ሲላችሁ እናንተ ስለ ፋይል አላወራችሁም፤ ግራ ይገባችኋል።

ሌላም አለ። ሁለት የ«ያንሳል» ምልክት አከታትላችሁ ስትጽፉ እኛ አማርኛ ስንጽፍ የምንጠቅስበትን ምልክት ያደርጋቸዋል። ሼል ላይ ሁለቱ ምልክቶች ብዙ መስመር ጽሑፍ ለኮማንድ ማቀበያ ናቸው። በጥቅስ ሲተኩ ስክሪፕቱ ይበላሻል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኮማንድ ቴሌግራም ውስጥ አትጻፉ። ተርሚናል ላይ ጻፉት፣ ሲሠራ እዩት፣ ከዚያው ኮፒ አድርጋችሁ በባክቲክ (ወደ ግራ ያዘመመችው ነጠላ ጥቅስ) ከባችሁ ላኩት። ተቀባዩ ስልኩ ላይ ነካ ሲያደርገው ሙሉው ኮፒ ይሆንለታል። ከሦስትና ከአራት መስመር ካለፈ ግን ፋይል አድርጎ መላክን የመሰለ የለም። ፋይል ውስጥ ያለውን ማንም አያስውበውም።

ዎርድ ደግሞ ቀጥ ያለውን ጥቅስ ወደ ጠመዝማዛው ይለውጣል። ዓይን ልዩነቱን ብዙም አያይም፤ ሼል ግን ጠመዝማዛውን ጥቅስ ብሎ አያውቀውም። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ኮሚት ስታደርጉ ሦስት ቃል ያለው መልእክት በጠመዝማዛ ጥቅስ ብትከቡ፣ የመጀመሪያው ቃል ብቻ መልእክት ይሆናል። ሁለቱን ጊት የፋይል ስም ናቸው ብሎ ይፈልጋቸዋል፣ ያጣቸዋል፣ «ፓዝስፔክ» የሚል ቅሬታ ያወጣል። ቅሬታው ስለ ጥቅስ አንዲት ቃል አይናገርም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። የአማርኛ ኪቦርድ።

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ተማሪ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ፋይሉን በኤስሲፒ ልኬዋለሁ። ምንም ኤረር የለም። ሰርቨሩ ላይ ግን የለም።»

«ፐርሰንቱ ሲቆጥር አይተኸዋል?»

«አላየሁም። ወዲያው አለቀ።»

«እስቲ ኤልኤስ በል።»

ፎልደሩ ውስጥ፣ ከሌሎቹ ፋይሎች መሃል፣ የሰርቨሩ አድራሻ ራሱ ፋይል ሆኖ ተቀምጧል። ማስታወሻውን የጻፈው በአማርኛ ነበር፤ ኮማንዱንም ከዚያው ነው ኮፒ ያደረገው። ከአድራሻው በኋላ ያለው ሁለት ነጥብ የላቲኑ አልነበረም። የግዕዙ ቃል መለያ ነበር። በብዙ ፎንት መንታ ናቸው። ኤስሲፒ አንድ አድራሻ የሌላ ማሽን መሆኑን የሚያውቀው በላቲኑ ሁለት ነጥብ ነው። እሱ ከሌለ ሁለቱም እዚሁ ያሉ ፋይሎች ናቸው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ፋይሉን በዚያው ማሽን ላይ «የሰርቨሩ አድራሻ» በሚል ስም ገለበጠው። ትእዛዙን በትክክል ፈጽሟል። ኤረር የሚያወጣበት ምክንያት የለውም።

እንዲህ ያለው ስህተት ነው የሚያስፈራው። አራት ነጥብ ተለጥፎበት የመጣ ኮማንድ ወዲያው «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ያስብላል፣ አራት ነጥቡም ጎልቶ ይታያል፣ ታጠፉታላችሁ፣ አለቀ። ድርብ ሰረዛችንን በላቲኑ ሴሚኮለን ቦታ መጻፍም ያው ነው፤ ኮማንዶቹ ተጣብቀው አንድ ቃል ይሆኑና ቶሎ ይነቃበታል። ሁለት ነጥቡ ግን ሳይጮህ ያልፋል።

የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው፤ ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ። ምልክቶቻችንም የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ቪም ውስጥ ጠቋሚውን የጠረጠራችሁት ምልክት ላይ አድርጉና በኖርማል ሞድ (ቁልፎች ጽሑፍ ሳይሆን ትእዛዝ በሚሆኑበት) ጂ እና ኤ ተጫኑ። ቁጥሩን ከታች ይጽፍላችኋል። የኛው ቃል መለያ በሄክስ 1361 ነው። የላቲኑ 3ኤ። ዓይን ሲሸነፍ ቁጥር አይሸነፍም። ፋይሉ ረጅም ከሆነ አንድ በአንድ መነካካት አያስፈልግም። ቪም ከ0 እስከ 7ኤፍ ካሉት ቁምፊዎች ውጭ ያለውን ሁሉ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል፤ እንግዶቹን በሙሉ ያሳያችኋል።

የማይሰበር ስፔስ የሚባልም አለ፤ ከድረ ገጽና ከዎርድ ይመጣል። ከተራው ስፔስ በዓይን አይለይም። ሼል ግን እንደ ስፔስ አይቆጥረውምና ከጎኑ ካለው ቃል ጋር ያጣብቀዋል። ግሬፕ የሚባለው ኮማንድ ማሽናችሁ ላይ እያለ «ግሬፕ፦ ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ሲላችሁ እሱን ጠርጥሩ። ስፔሱን አጥፍታችሁ በእጃችሁ ድጋሚ ምቱት።

የዊንዶውስ መስመር ማብቂያን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ ማለት ይቻላል። ዊንዶውስ መስመር የሚዘጋው በሁለት ቁምፊ ነው፣ ሊኑክስ በአንድ። ኖትፓድ ላይ የተጻፈ ስክሪፕት ሰርቨር ላይ ሲደርስ ትርፉ ቁምፊ የመጨረሻው ቃል አካል ይሆናል። «ባድ ኢንተርፕሪተር» ሲላችሁ እሱ ነው። ካት በዳሽ ኤ ፋይሉን ካሳያችሁ ከዶላሩ ፊት ባርኔጣ የመሰለች ምልክትና ኤም ታገኛላችሁ። ዶስ ቱ ዩኒክስ የሚባለው ፕሮግራም ያጠራዋል። ቪም ውስጥ ደግሞ የፋይል ፎርማቱን ዩኒክስ አድርጋችሁ ሴቭ ማድረግ ይበቃል።

ከባክስላሽ በኋላ የተረሳች ስፔስም አለች። ኮማንዱ ወደ ሁለተኛ መስመር እንዲቀጥል ባክስላሹ የመስመሩ መጨረሻ ላይ መሆን አለበት። አንዲት ስፔስ ከተከተለችው መስመሩ እዚያው ያበቃል፣ ቀሪው ራሱን የቻለ ኮማንድ ሆኖ ይሮጣል።

የ200 እና የ201 ምስጢር

ፔስት አድርጋችሁ ከኮማንዱ ፊት ካሬ ቅንፍ፣ 200 እና ቲልዴ (ሞገድ የምትመስለው ምልክት)፤ ከኋላው ደግሞ ቲልዴ ተጨምሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። ነገሩ የደህንነት ቀበቶ ነው፤ በተሳሳተ ቦታ ታስሮ ነው።

ተርሚናል ፔስትን አይለይም ብያለሁ። ይህን ለማስተካከል ኤክስተርም የሚባለው ተርሚናል አንድ ስምምነት አመጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ፕሮግራሙ ከጠየቀ፣ ተርሚናሉ ከተለጠፈው ጽሑፍ ፊት ኢስኬፕ፣ ካሬ ቅንፍ፣ 200፣ ቲልዴ ይልካል። ሲጨርስ ያንኑ በ201 ይልካል። በሁለቱ መሃል ያለው ሁሉ የተለጠፈ ነው። ሼሉ ይህን ካወቀ መሃል ላይ ያለውን አዲስ መስመር እንደ ኤንተር አይቆጥረውም፣ ታቡንም እንደ ታብ ቁልፍ አያየውም። ጽሑፉን እንዳለ ያስቀምጥና የናንተን ኤንተር ይጠብቃል። ስሙ ብራኬትድ ፔስት ነው።

ባሽና ዚሼል የታወቁ ሼሎች ናቸው። ዚሼል በ2015 ከ5.1 ዕትም ጀምሮ አለው። የባሽ ኪቦርድ ክፍል የሆነው ሪድላይን በ2016 በ7.0 አስገባው፣ ግን ተዘግቶ ነበር የሚመጣው። በ2020 መጨረሻ የወጣው ባሽ 5.1 ከፈተው። በተግባር ሲታይ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ክፍት ነው፣ 20.04 ላይ ዝግ ነው። 20.04 ያላችሁ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ባለው ኢንፑትአርሲ ፋይል አንድ መስመር ጨምሩ፦ ሴት፣ ኢነብል ዳሽ ብራኬትድ ዳሽ ፔስት፣ ኦን። ሴንቶስ 7 ላይ ያለው ባሽ 4.2 ስለሆነ ጨርሶ አያውቀውም። እዚያ እየሠራችሁ ብዙ መስመር ፔስት ማድረግ የራሳችሁ ኃላፊነት ነው።

ታዲያ 200 ለምን ይታያል? ዋናው ምክንያት የዊንዶውስ ልማድ ነው። እጃችን ፔስት ለማድረግ ኮንትሮል ቪ ይመታል። ባሽ ላይ ግን ኮንትሮል ቪ ትርጉሙ «ቀጥሎ የሚመጣውን ቁልፍ እንዳለ ጻፈው» ነው። ስለዚህ ምንም የሆነ አይመስልም። «አሃ፣ ለካ ተርሚናል ነው» ትሉና ኮንትሮል ሺፍት ቪ ትመታላችሁ። አሁን የደረሰው የመጀመሪያ ቁምፊ የመክፈቻው ኢስኬፕ ነው። ባሽ በታዘዘው መሠረት እሱን እንዳለ ይጽፈዋል። መክፈቻው መክፈቻነቱ ቀረ፤ ካሬ ቅንፉና 200 ተራ ጽሑፍ ሆነው ኮማንዳችሁ ላይ ተለጠፉ። ኮንትሮል ዩ መስመሩን ያጠፋላችኋል። ድጋሚ በኮንትሮል ሺፍት ቪ ብቻ ለጥፉ።

ሁለተኛው ምክንያት በመሃል የተቋረጠ ፕሮግራም ነው። ኔትዎርክ ሄዶ ኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር ጋር ያገናኘን መስመር) ሲቆረጥ ተርሚናሉ ምልክት መላኩን አያቆምም፤ ፊት ለፊቱ ያለው ፕሮግራም ግን አይገባውም። ሪሴት ብላችሁ ኤንተር ምቱ።

ቪም በር ላይ ሲቀበል

ቪም ላይ ያለውን ደረጃ ያላየ የለም። ስክሪፕት ትለጥፋላችሁ፣ እያንዳንዱ መስመር ከፊተኛው ይልቅ ወደ ቀኝ እየሸሸ ይወርዳል።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ቪም ኤንተር ሲመጣ አዲሱን መስመር ከበፊተኛው ጋር አስተካክሎ ይጀምርላችኋል። በእጅ ስትጽፉ ይህ ጥሩ ነው። የሚለጠፈው ጽሑፍ ግን የራሱን ስፔስ ይዞ ነው የመጣው። የመጀመሪያው መስመር ኢፍ ነው፣ ከግራው ጫፍ ይጀምራል። ሁለተኛው 4 ስፔስ አለው፣ በ4 ይቀመጣል። ሦስተኛውም የራሱ 4 አለው፤ ቪም ግን ከበፊተኛው ያየውን 4 አስቀድሞ ሰጥቶታል። 8 ሆነ። አራተኛው 12። ኢፉን የሚዘጋው ኤፍአይ የራሱ ስፔስ ባይኖረውም እዚያው 12 ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ለሼል ይህ መልክ ማበላሸት ብቻ ነው፤ ኮማንዱ ይሠራል። የከፋው ሃሽ ነው። ሼል ስክሪፕት ውስጥ በሃሽ የሚጀምር ማስታወሻ ሲኖር ቪም ከኤንተር በኋላ ለሚቀጥለው መስመርም ሃሽ ይጨምራል። ማስታወሻ እየጻፋችሁ መስሎታል። ውጤቱ፣ ከመጀመሪያው ማስታወሻ በታች ያሉ ኮማንዶች ሁሉ ማስታወሻ ይሆናሉ። ስክሪፕቱ ይሮጣል፣ ኤረር አያወጣም፣ ምንም አይሠራም።

ሌላው ምልክት የጠፋች ፊደል ናት። ሱዶ ብሎ የሚጀምር ኮማንድ ለጥፋችሁ ኤስዋ ብቻ የለችም? ኢንሰርት ሞድ (መጻፊያው) ሳትገቡ ነው የለጠፋችሁት። በኖርማል ሞድ ኤስ ማለት «ጠቋሚው ያለበትን ፊደል አጥፋና መጻፍ ጀምር» ነው። ኤስዋ ትእዛዝ ሆና ተበላች፣ የቀረው ተጻፈ። የምትለጥፉት ጽሑፍ በሌላ ፊደል ቢጀምር ኖሮ ሊያጠፋባችሁ የሚችለው ከዚህ ይብስ ነበር።

በ2016 ከወጣው ቪም 8 ወዲህ ያለው ቪም ብራኬትድ ፔስትን ስለሚያውቅ ይህ ሁሉ ቀርቷል፤ ይባላል። በብዙ ቪሞች ላይ ግን ብራኬትድ ፔስቱ የሚከፈተው ተርሚናሉ ራሱን ኤክስተርም ብሎ ሲያስተዋውቅ ነው። ቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፍል ፕሮግራም) ውስጥ ከሆናችሁ ስሙ ስክሪን ወይም ቲመክስ ይሆንና ደረጃው ይመለሳል።

ያኔ የድሮው መላ ይሠራል። የላቲኑን ሁለት ነጥብ ጽፋችሁ ሴት ፔስት በሉ፣ ኢንሰርት ግቡ፣ ለጥፉ፣ ውጡና ሴት ኖፔስት በሉ። ኖፔስቷን ሰው ይረሳታል። ፔስት ሞድ ክፍት ሆኖ ሲቀር ራሱ አስተካክሎ መጀመሩም፣ አቋራጮቻችሁም ይተኛሉ፤ ከዚያ «ቪሜ ተበላሸ» ይባላል። የቪም ዘመድ የሆነው ኒዮቪም ላይ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፣ ራሱ ይለያል።

እኔ የምመርጠው ሌላ ነው። በኖርማል ሞድ ድርብ ጥቅስ፣ ፕላስ፣ ፒ። ይህ ቪም ራሱ ክሊፕቦርዱን ከፍቶ እንዲያነብ ያደርጋል፤ በኪቦርድ በኩል የሚመጣ ነገር የለም፣ ስለዚህ ደረጃም ሃሽም የለም። ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ ቪሙ ክሊፕቦርድ ያለው መሆን አለበት። ቪም ዳሽ ዳሽ ቨርዥን ስትሉ ክሊፕቦርድ ከሚለው ፊት ማይነስ ካለ የለውም፤ ኡቡንቱ ላይ ቪም ዳሽ ጂቲኬ3 የሚለውን ጫኑ። ሁለተኛ ቪሙ እናንተው ማሽን ላይ መሆን አለበት። በኤስኤስኤች የገባችሁበት ሰርቨር ላይ ያለ ቪም የላፕቶፓችሁን ክሊፕቦርድ አያይም። ብራኬትድ ፔስት ግን ተራ ቁምፊ ስለሆነ በኤስኤስኤችም ያልፋል።

ናኖ የሚባለውን ኤዲተር የምትጠቀሙ፣ አንድ ነገር ብቻ። በ2019 ከወጣው 4.0 በፊት ያሉት ናኖዎች ረጅም መስመር ሲያዩ ራሳቸው ይቆርጡት ነበር። የቆየ ሰርቨር ላይ ረጅም ኮማንድ ለጥፋችሁ ሁለት ቦታ ከተቆረጠ፣ ናኖን በዳሽ ደብልዩ ክፈቱት።

ኮማንዱን ኤዲተር ውስጥ አውጥቶ ማረም

ባሽ ላይ ረጅም ኮማንድ እየጻፋችሁ ኮንትሮል ኤክስ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ኢ ብትመቱ መስመሩ በኤዲተር ይከፈታል። ብዙ ሰው አያውቃትም። ከቴሌግራም የመጣ ነገር ለመመርመር እጅግ ትመቻለች፦ ባዶ መስመር ላይ ትመቷታላችሁ፣ ኤዲተሩ ውስጥ ትለጥፋላችሁ፣ በእርጋታ ታነባላችሁ፣ ታርማላችሁ። ድረ ገጽ ላይ የምታዩት ጽሑፍና ኮፒ ሲደረግ ክሊፕቦርድ ውስጥ የሚገባው የተለያየ እንዲሆን አድርጎ ገጹን መሥራት ይቻላል፤ ኤዲተር ውስጥ ስትለጥፉ የተደበቀው ይታያል። ብራኬትድ ፔስትን ብቻ አትመኑ። ተንኮለኛ ጽሑፍ የ201ን መዝጊያ ራሱን ደብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ጥሩ ተርሚናሎች ያጣሩታል፣ ሁሉም ግን ጥሩ አይደለም።

ባሽ የሚከፍተው ኤዲተር ቪዡዋል በሚባለው ቫርያብል የተጻፈውን ነው፤ እሱ ከሌለ ኤዲተር የሚለውን፣ እሱም ከሌለ ኢማክስን። ጽሑፉ ስሙ በባሽ ዳሽ ኤፍሲ የሚጀምር ጊዜያዊ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ቪም ይህን ስም ሲያይ ሼል ስክሪፕት መሆኑን ያውቃል፤ ቀለሙም ይመጣል፣ ያቺ ሃሽ የመጨመር ጠባዩም አብራ ትመጣለች።

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ከኤዲተሩ ስትወጡ ባሽ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ወዲያው ያስኬደዋል። «ልሂድ?» ብሎ አይጠይቅም። ሴቭ ሳታደርጉ ብትወጡም የመጀመሪያው ጽሑፍ ይሮጣል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው እሱ ነውና። ግማሽ የተጻፈ የማጥፊያ ኮማንድ ከፍታችሁ «ይቅርብኝ» ብላችሁ ኪው ብትሉ፣ አልቀረላችሁም።

መውጫው ሁለት ነጥብ፣ ሲ፣ ኪው ነው፤ የላቲኑ ሁለት ነጥብ። ቪም «ሥራዬ አልተሳካም» የሚል ኮድ መልሶ ይወጣል፣ ባሽም ኮማንዱን ይተወዋል። ናኖ ላይ ከሆናችሁ ጽሑፉን በሙሉ አጥፍታችሁ ሴቭ አድርጉና ውጡ።

ዚሼል በዚህ የተሻለ ነው። ከኤዲተር ስትመለሱ ኮማንዱ መስመሩ ላይ ይቀመጣል፣ ኤንተር እስክትመቱ አይሮጥም። ግን ራሳችሁ ኤዲት ኮማንድ ላይን የሚባለውን ጭናችሁ ቁልፍ ልትሰጡት ይገባል። ደግሞ ዚሼል ተርሚናል ላይ ሃሽን እንደ ማስታወሻ አያይም። ማስታወሻ ያለበት ስክሪፕት ስትለጥፉበት «ኮማንድ ኖት ፋውንድ፦ ሃሽ» ይላችኋል። ኢንተራክቲቭ ኮሜንትስ የሚለውን ኦፕሽን ክፈቱለት።

ቪኤስ ኮድን በቪዡዋል ቦታ ማስገባት የምትፈልጉ ካላችሁ ከስሙ በኋላ ዳሽ ዳሽ ዌይት ጨምሩ። ካልጨመራችሁ ኮድ መስኮቱን ከፍቶ ወዲያው ለባሽ «ጨርሻለሁ» ይለዋል። እናንተ ገና ማረም ሳትጀምሩ ያላረማችሁት ኮማንድ ከኋላ ሮጧል።